የእማዋይሽ እንግዳ

የአገሪቱን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ «አውቃታለሁ፣ አክስቴ እዚያ ነው የተዳረችው» የሚል አይጠፋም፤ ከዚያ ወዲያ እኔም እናንተም የማንወጣው ጣጣ ውስጥ እንገባለን። ስለዚህ አንዲት አገር ነበረች ብላችሁ ተቀበሉኝ። ንጉሥ ነበራት፣ ገበያ ነበራት፣ ከሁሉ በላይ ግን ሕግ ነበራት። ሕጓ ከሕዝቧ ይበዛ ነበር።

ከሕጎቿ ሁሉ የሚፈራው የሰሚ ሕግ ነው። አመጣጡ እንዲህ ነበር። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ንጉሥ ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ ከሩቅ የዋሽንት ድምፅ ሰማ። «የማን ነው?» አለ። አሽከሮቹ ሮጡ፣ ጠየቁ፤ የሚያውቅ ጠፋ። «ለማን ነው የሚነፋው?» አለ። ይህንንም የሚያውቅ ጠፋ። ንጉሡ ፈራ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጦር ያላስፈራውን ሰው አንዲት ዋሽንት አስፈራችው። በማግስቱ አዋጅ ተነገረ፤ ከእንግዲህ ሰሚ ሳይቀመጥለት የሚሰማ ዜማ አይኖርም ተባለ። ሰሚ የሌለው ዜማ የተደበቀ ነገር ነው፣ የተደበቀ ነገር ደግሞ ደግ ነገር አይደለም ተባለ።

የጆሮ ቤት የሚባል መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ። የጆሮ ቤት ሰዎች ሰሚዎች ይባላሉ፤ እያንዳንዳቸው በርጩማቸውን በብብታቸው ይዘው ይዞራሉ። ሠርግም ይሁን ልቅሶ፣ አጨዳም ይሁን ውቂያ፣ ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት ሰሚው በርጩማውን ያስቀምጣል፣ ይቀመጣል፣ ያዳምጣል። ሲያልቅ ሦስት ጊዜ ያጨበጭብና «ሰምቻለሁ» ይላል። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ለደስታ፣ ለሐዘን፣ ለሥራ። አራተኛ የለም። ሰሚውም ሰው ነውና ሊያንቀላፋ ይችላል ተብሎ ፊት ለፊቱ የሰሚ ሰሚ ይቀመጣል። የዚህኛው ሥራ ዜማውን መስማት አይደለም፤ የሰሚውን ፊት ማየት ነው።

ሰዉ ለመደው። መቼስ ምን የማይለመድ አለ! ከመልመዱም የተነሣ፣ ሰው እቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ማንጎራጎር እንደሚችል ጭራሽ ከነአካቴው ረሳው።

አንዲት ሴት ብቻ አልረሳችም። እማዋይሽ ትባላለች፣ ጥጥ ፈታይ ናት። ጠዋት ጠዋት ልቃቂቷን ይዛ ገበያ ትወርዳለች። ገበያ ላይ ሰው ሁሉ ያወራታል። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ትመልሳለች፣ ትስቃለች፣ የልጆችን ደኅንነት ትጠይቃለች። ግን እኩለ ቀን ሲሆን ጆሮዋ በሰው ወሬ ጢም ብሎ ይሞላል፣ ራሷ ይከብዳታል። ያኔ ቤቷ ትመለሳለች። በሩን ትዘጋለች፣ መወርወሪያውን ታስገባለች፣ ጫማዋን አውልቃ እፎይ ትላለች። ይህቺ እፎይታ ከምሳ ትበልጥባት ነበር።

ከዚያ ክራሩን ከምሰሶው ላይ ታወርዳለች። አምስተኛው ጅማት አመለኛ ነው፣ ሁልጊዜ ይላላል። «ዛሬም ጀመረህ?» እያለች ትወጥረዋለች። ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከጅማቶቹ ሥር ቁራጭ ጥጥ ትሸጉጣለች። መደቡ ላይ እግሯን አጥፋ ትቀመጥና አንዲት ዜማ ትፈልጋለች። አጭር ዜማ ናት። ደህና ስትሄድ ቆይታ አንድ ቦታ ላይ ታነክሳለች። እዚያ ቦታ የሚገባውን ድምፅ እማዋይሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ፈልጋ አላገኘችውም። ምስኪን ብላችሁ እንዳታዝኑላት፤ ደስታዋ እኮ ፍለጋው ነበር። አንዱን ትሞክርና «ኧረ በስማም!» ብላ በራሷ ትስቃለች። ሌላውን ትሞክራለች፣ አይሆንም። በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ ከመደቡ ሥር ተነሥታ ግድግዳው ላይ እስክትወጣ አርባ ጊዜ ትመላለስበታለች። ጎሽ የሚላት የለም፣ ይሄ ምንድነው የሚላት የለም። በዚያች አገር ከእሷ የበለጠ ደስተኛ ሰው ነበር ለማለት ይከብደኛል።

ሕግ እየጣስኩ ነው ብላም አስባ አታውቅም። ሕጉ ስለ ዘፈን ነው፤ ይሄ ደግሞ ገና ዘፈን አልሆነም።

አንድ ቀን ጎረቤቷ እትዬ ዘርፌ ወንፊት ልትዋስ መጣች። እትዬ ዘርፌ ተንኮል የለባትም፤ ያየችውን ሳትናገር ግን ውላ አታድርም። በሩን ልትቆረቁር እጇን ስታነሣ ክራር ሰማች። እጇን መለሰችና በእግሯ ጣት ተመለሰች። እንግዳ የገባበት ቤት አይቆረቆርማ!

ውኃ መቅጃው ዘንድ እንደ ደረሰች «እማዋይሽ እንግዳ መጥቶላታል፤ ክራር እየመታችለት ነው» አለች።

«ማነው?» አሏት ሴቶቹ።

«አላየሁትም። ድምፁም አይሰማም። ጨዋ ሰው ነው መሰለኝ።»

በዚያው ቀን አንዷ ቆሎ፣ አንዷ እርጎ፣ አንዷ ደግሞ ትርፍ ትራስ ይዘው መጡ። እማዋይሽ ግራ ገባት። «የምን እንግዳ? እንግዳ የለኝም!» አለች። ሴቶቹ ተጠቃቀሱ። «ይሁን እህቴ፣ ገብቶናል» ብለዋት ትራሱን ጥለው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ወሬው የጆሮ ቤት ደረሰ፤ በፈታይዋ ቤት ያልተመዘገበ አድማጭ አለ ተባለ።

የመጡት አቶ ጓንጉል የሚባሉ፣ ሠላሳ ዓመት በሰሚነት የሠሩ ሰው ነበሩ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ጋቢ የማይለያቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ፊታቸውን የሚያይላቸው ማንደፍሮ አብሯቸው ነበር። መጀመሪያ እንግዳውን ፈለጉ። አልጋ ሥር ታየ። ከበሩ ጀርባ ታየ። አቶ ጓንጉል አንገታቸውን እህል ማስቀመጫው ጎታ ውስጥ አስገብተው «ይውጡ ጌታዬ! ማንም አይነካዎትም!» አሉ። ጎታው መልስ አልሰጠም። ማንደፍሮ ይህንንም ጻፈ።

አቶ ጓንጉል ጤፍ ከፊታቸው ላይ እየጠረጉ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

«እማዋይሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ለማን ነበር የምትመቺው?»

«ለራሴ ነው አቶ ጓንጉል።»

«ማን ነበር የሚሰማሽ?»

«እኔው።»

«አንቺማ የምትመቺው ነሽ።»

«አዎ።»

«መቺዋም አንቺ፣ ሰሚዋም አንቺ ከሆንሽ ማን አጨበጨበ?»

«ማንም አላጨበጨበም።»

«ታዲያ እንዴት አለቀ?»

«አላለቀም» አለች እማዋይሽ ቀስ ብላ። «ሦስት ዓመቱ ነው።»

አቶ ጓንጉል ማንደፍሮን አዩት፣ ማንደፍሮ እሳቸውን አያቸው። ከዚህ በፊት የሸፈተ ዘፋኝ አጋጥሟቸዋል፣ የሰከረ አጋጥሟቸዋል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተጨበጨበለት ሰው ግን አላጋጠማቸውም። ጆሯቸውን አከክ አከክ አደረጉና ሕጉን ነገሯት። በሰባት ቀን ውስጥ ያቺን ዜማ በሰሚ ፊት ትመታለች፤ ከሦስቱ በአንዱ ምልክት ይደረግባታል። ምልክት ካልተደረገባት በሰባተኛው ቀን ጀንበር ስትጠልቅ የመጀመሪያው ሰሚ፣ ማለት እሳቸው፣ ክራሩን በገዛ እጃቸው ወስደው የጆሮ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ከእሳቸው በቀር ሌላ ሰው ሊነካው አይችልም፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል።

እማዋይሽ ያንን ግድግዳ አንድ ጊዜ አይታዋለች። ጅማታቸው የተቆረጠ ክራሮችና ማሲንቆዎች በተርታ ተሰቅለውበታል። ክራሯን እቅፍ አደረገችው። እንባዋ መጣ፤ ሰው ፊት ማልቀስ ደግሞ አትወድምና ዋጥ አደረገችው።

በመጀመሪያው ቀን የሠርግ ዘፈን መታችላቸው። አቶ ጓንጉል ፊታቸው ፈካ፣ ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ፣ «ሰምቻለሁ፣ ለደስታ» ብለው ወረቀታቸውን አወጡ። ምልክቱን ሊያደርጉ ሲሉ ግን ቀና ብለው «ይቺ ያቺ ናት?» አሏት።

«አይደለችም» አለች።

አይ እማዋይሽ! ናት ብትል ምን ነበረበት? ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። እሷ ግን ስለዚያች ዜማ መዋሸት አልሆነላትም፤ የፈለገ ቢመጣ አልሆነላትም።

እንግዲያው ያቺን ሞከረች። የሰው ዓይን ሲያርፍባት ጣቶቿ የሌላ ሰው ጣቶች ሆኑባት። ዜማዋ ብቅ እያለች ትመለሳለች፣ ትቆራረጣለች፣ የምታነክስበት ቦታ ስትደርስ ጭራሽ ትወድቃለች። አቶ ጓንጉል ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አነሡ፣ ያለቀ ስላልመሰላቸው አወረዱ፣ እንደገና አነሡ። እርሳሳቸው ወደ ደስታ ሄደ፣ ወደ ሐዘን ዞረ፣ ሥራ ላይ ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ አየር ላይ ቀረ። ማንደፍሮም በጥንቃቄ ጻፈ፦ «የሰሚው ፊት ግራ ተጋብቷል።»

ግራ ለተጋባ ሰሚ ደግሞ ሕግ አለው፤ ሌላ ሰሚ ይጨመርለታል። የተጨመረው ሰሚም የራሱ ሰሚ ይጨመርለታል። በሁለተኛው ቀን አራት በርጩማ ገባ። ማታ አራቱም ግራ ተጋብተው ወጡ። በሦስተኛው ቀን ስምንት ገባ። በአራተኛው ቀን የሰሚዎች አለቃ ባሻ ይፍሩ ራሳቸው ትልቁን የሕግ መጽሐፍ አሸክመው መጡና በእማዋይሽ መደብ ላይ ጉብ አሉ።

«ግልጽ ነገር ነው፣ እንደ ሐዘን ይጀምራል» አለ አንዱ ሰሚ።

«ኧረ እንደ ሥራ ነው የሚሄደው!» አለ ሁለተኛው።

«ደስታ ነው። እግሬ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ» አለ ሦስተኛው።

«እግርህ ደንዝዞ ነው» አለው የሱን ፊት የሚያየው።

ባሻ ይፍሩ መጽሐፉን ገለጡ፣ ከደኑ፣ በሌላ በኩል ገለጡ። «መጽሐፉ ውስጥ የለም» አሉ። «መጽሐፉ ውስጥ ከሌለ ደግሞ አልሰማነውም ማለት ነው። ግን ሰምተናል።» ይህን ብለው መጽሐፉን እንደገና ገለጡ። አቶ ጓንጉል ብቻ ምንም አይናገሩም ነበር። ማዕዘን ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ድረስ ስበው ወለሉን ያያሉ።

በስድስተኛው ቀን የጆሮ ቤት ሰሚ አለቀ፤ ጎረቤት ተመለመለ። እትዬ ዘርፌም በርጩማ ተሰጣት፤ የባሏን ፊት እንድታይ ተመደበች። «ሃያ ዓመት በነፃ ሳየው ኖሬ!» ብላ በሹመቷ ተደሰተች። ቤቱ ተጨናነቀ። ሰው እንዝርቱን ረገጠው፣ ጥጡን ቂጡ ሥር አደረገው፣ ያንን ትርፍ ትራስ እየተሻማ ተደገፈው። ፀሐይዋ በመስኮት ስትገባ የምታርፍበት ወለል አጣች።

እማዋይሽ ስድስት ቀን ሙሉ አንዲት ቅጽበት ብቻዋን አልሆነችም። ሰለቻት፣ አንገፈገፋት፣ እንቅልፍም እምቢ አላት። በሰባተኛው ቀን ከቀትር በኋላ «በቃ፣ ለሥራ ነው ብላችሁ ጻፉልኝ» አለች።

«እኛ የምንጽፈው የሰማነውን ነው!» አሉ ባሻ ይፍሩ ተቆጥተው።

«ምን ሰማችሁ?»

«እሱን ነው የማናውቀው! አንድ ጊዜ ድገሚው።»

ክራሩን አነሣች። አምስተኛው ጅማት ላልቶ ነበር፤ ስትወጥረው ቆየች። የሚያቻኩላት ሰው አጣች። ቀና ብላ አየች። ለካ ቤት ሙሉ ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ሁሉም የጎረቤቱን ፊት ነው የሚያየው። «ምን ሰማህ?» ይላል አንዱ በሹክሹክታ። «አንተስ?» ይላል ሌላው። እሷን የሚያይ አንድም ሰው የለም። ወደ ማዕዘኑ ተመለከተች። የአቶ ጓንጉል በርጩማ ላይ የተጠቀለለ ጋቢ ተቀምጧል፣ አቶ ጓንጉል የሉም። ማንደፍሮ እርሳሱን እንደ ያዘ ዓይኑን ሳይነቅል ጋቢውን እያየ ነው።

እማዋይሽ ክራሩን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋ ተነሣች። «ይቅርታ፣ አንዴ ላሳልፍ» አለች። «እለፊ እህቴ» አሏት ሳያዩዋት። ወጣች።

ውጭው ጭር ብሏል። ሰፈሩ በሙሉ እሷ ቤት ነዋ! በሮች ገርበብ ብለዋል፣ ዶሮዎች መንገዱን ይዘውታል፣ ሰው የሚባል የለም። ምን ላድርግ ብላ ግራ ገባት። የገዛ ቤቷ ለሌላ ሰው ሁሉ ቤት ሆኖ ለእሷ ብቻ አልሆነም፤ የሰው ቤት ደግሞ ሰተት ብሎ አይገባም። ሄደች ብቻ፣ እግሯ ወደ መራት ሄደች። ከሰፈሩ ዳር ካለው ቤት አጠገብ ስትደርስ ድምፅ ሰማች።

የሽማግሌ ድምፅ ነው። ያንጎራጉራል። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ «ኧረ በስማም!» ይልና ለብቻው ይስቃል፣ እንደገና ይጀምራል። ገርበብ ባለው በር ቀዳዳ አየች። አቶ ጓንጉል ናቸው፤ ያለ ጋቢያቸው፣ ያለ በርጩማቸው፣ ባዶ እግራቸውን መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሚያንጎራጉሩት ያቺኑ ነው፣ የእሷን። ሰውየው ለካ ሰምተዋል! ሰባት ቀን ሙሉ ግራ የገባቸው መስለው ሰምተው፣ ወረቀት ላይ አላሰፈሩትም።

እማዋይሽ ተናደደች ልበል ወይስ ደስ አላት? እሷም አላወቀችው። ዜማው የሚያነክስበት ቦታ ደረሱ። እሷ እዚያ ቦታ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነበር የምትወጣው። የሽማግሌው ትንፋሽ ወደ ላይ አልደርስ አለና ወደ ታች ወረዱ። «ተሳሳቱ!» ልትል አፏ ላይ መጣ። ሕጉም ቢሆን ሰሚ የሌለው ዜማ የሰማ ሰው በሩን ቆርቁሮ «ሰምቻለሁ» ይበል ይላል። እጇ ወደ በሩ ተነሣ።

የሽማግሌውን ፊት አየችው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያን ፊት ማንም ያላየው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር፤ አሁን እሷ እያየችው ነው። አፈረች። እጇን መለሰች። ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ሳበች፣ በሩን ድምፅ ሳታሰማ ቀስ አድርጋ ገጥማ ዘጋችላቸውና በእግሯ ጣት ሄደች። ሰባት ቀን ሙሉ ሰው ለእሷ እንዲያደርግላት የተመኘችው ይህንኑ ነበር።

ወደ እትዬ ዘርፌ ቤት ገባች። ግድግዳው ላይ ወንፊት ተሰቅሏል፤ ለካ ከሌላ ሰው ተውሳለች። «ይቅር በይኝ እትዬ ዘርፌ» አለችና በሩን ዘጋች፣ መወርወሪያውን አስገባች፣ ጫማዋን አወለቀች።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል በእማዋይሽ ቤት ባሻ ይፍሩ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀኑ ሞልቷል። የመጀመሪያው ሰሚ ክራሩን ያንሣ! አቶ ጓንጉል!»

ጋቢው አልመለሰም።

«ማንደፍሮ፣ ፊታቸው እንዴት ነው?»

ማንደፍሮ ላብ አጠመቀው። የሉም ቢል ከመቼ ጀምሮ ነው የሌሉት ይሉታል፤ እስካሁን ምን ስታይ ነበር ይሉታል። «አልተለወጠም ጌታዬ» አለ። ክራሩን እንዲያይ የተመደበ ሰው ስላልነበረም ክራሩ የት ነው ብሎ የጠየቀ አልተገኘም። ስለዚህ እንደገና ተቀመጡ። ጀንበር ጠለቀች።

እማዋይሽ በዚያን ጊዜ በእትዬ ዘርፌ መደብ ላይ እግሯን አጥፋ ዜማዋን ጀምራለች። ደህና ሄደች፣ የምታነክስበት ቦታ ደረሰች። ጣቷ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል ቆመ። የሽማግሌው ስሕተት ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ወደ ታች ወረደች።

ዜማዋ አላነከሰችም።

እጇን ከክራሩ ላይ አነሣች። ሦስት ዓመት በር ዘግታ የፈለገችው ነገር በሰው በር ቀዳዳ ነው የመጣላት። ደስ አላት፣ ግራ ገባት፣ አለቀሰች፣ ሳቀችም። የሚያይባት ስለሌለ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አደረገችው። ከዚያ ደግማ ጀመረች።

ይህን ሁሉ ማን ነገረህ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ በዚያች አገር ሕግ ስሜንና በርጩማዬን ማስመዝገብ ይኖርብኛል። እናንተም ብዙ አትቁሙ። ስትወጡ በሩን ዝጉላት።